የመባው መዝገብ የተጻፈበት ፕሮግራም የማን ነው?

በአጥቢያዎቻችን መባ በምን ጥንቃቄ እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥርም። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ መቶውን ከመቶ፣ ሃምሳውን ከሃምሳ ለይተው ይቆጥራሉ፤ ይጽፋሉ፤ ይፈራረማሉ። ሰኞ ጠዋት ባንክ ይገባል፤ በዓመቱ ኦዲተር ይመጣል። አሥር ብር ብትጎድል ገንዘብ ያዡ እንቅልፍ ያጣል። ይህ መልካም ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን እርዳታ ብቻውን ይዞ መሄድ ያልፈለገው፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ ያደረገው ለዚሁ ነው (2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8)።

ያ በጸሎት የተሰጠ፣ በጥንቃቄ የተቆጠረ ገንዘብ ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄድና ፒችትሪ ላይ ይመዘገባል። ፒችትሪው ከየት መጣ? ከፍላሽ። ፍላሹስ? ከሌላ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ። እሱስ ከማን አገኘው? ማንም አያውቅም። ሠሪው ኩባንያ የፕሮግራሙን ስም ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ አገር ግን በማሠልጠኛውም በሥራ ማስታወቂያውም ዛሬም ፒችትሪ ነው። በብዙ ቢሮ የተጫነውም ያው የድሮው ቅጂ፣ ያውም ክራክ የተደረገው ነው። እንግዲህ የአስራቱ እያንዳንዱ ሳንቲም የተጠበቀበት መዝገብ ራሱ ባልተከፈለበት የሰው ዕቃ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

የምንከራከረው ከዓለም ጋር አይደለም። ከሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ከአገልግሎት ኃላፊዎች፣ ከእኛው ከመጋቢዎች ጋር ነው። አቋማችን አጭር ነው፦ ቤተ ክርስቲያን በኮምፒውተሮቿ ላይ ምን ምን ፕሮግራም እንዳለ፣ ለስንት ሰው ፈቃድ እንዳላትና ስንት ሰው እየተጠቀመበት እንደ ሆነ ልክ እንደ መባዋ ልትቆጥር ይገባል። ሳትቆጥር «አልሰረቅንም» ልትል አትችልም።

ብዙ ሰው ሶፍትዌር የሚገዛ ይመስለዋል። የሚገዛው ግን የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ላይሰንስ የሚባለው። ወንበር ስንገዛ ወንበሩ የእኛ ነው፤ ለልቅሶ ቤት ብናውሰው፣ ብንሸጠው፣ ለሌላ አጥቢያ ብንሰጠው ጠያቂ የለንም። ፕሮግራም ግን ከተሸጠ በኋላም የሠሪው እንደ ሆነ ይኖራል፤ እኛ ያገኘነው በውሉ ልክ መጠቀምን ነው። ውሉ አንዳንዴ በማሽን ይቆጠራል፤ ለአንድ ኮምፒውተር አንድ ፈቃድ። አንዳንዴ በሰው ይቆጠራል፤ ስሟ የተመዘገበው ጸሐፊ በቢሮም በቤትም ትጠቀምበታለች፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ግን አይፈቀድላትም። በአንድ ጊዜ በሚጠቀሙት ሰዎች ቁጥር የሚቆጠርም አለ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ያለፍን ሁሉ የቤተ መጻሕፍቱን የሪዘርቭ መደርደሪያ እናስታውሳለን። የዕብራይስጡ መዝገበ ቃላት ሁለት ቅጂ ብቻ ከሆነ ሁለት ተማሪ ይወስዳል፤ ሦስተኛው አንዱ እስኪመልስ በሩ ላይ ይጠብቃል። በትልልቅ ድርጅቶች ይህንኑ የሚሠራ ሰርቨር አለ። አምስት ፈቃድ ካለ አምስት ሰው ያስገባል፤ ስድስተኛው ፕሮግራሙን ሲከፍት ተራ እንዲጠብቅ ይነግረዋል።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ተንሳፈፈው ብረት ስንት ስብከት ሰምታችኋል! ከነቢያት ልጆች አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰውየው ጮኸ። የጮኸው ለምንድን ነው? ምሳሩ የውሰት ስለ ነበር ነው። ስለ ተአምሩ ብዙ ይሰበካል፤ ስለ ውሰቱ ሲሰበክ ግን እምብዛም አይሰማም። ያ ሰው የሚሠራው ሥራ መንፈሳዊ ሥራ ነበር፤ ለነቢያት ማደሪያ ይሠራ ነበር። ሆኖም «ለእግዚአብሔር ሥራ ነው የጠፋው፣ ባለቤቱ ይረዳል» ብሎ አላለፈም። ዕቃው የሰው መሆኑን አልረሳም። በእኛ ቢሮዎች ያለው ዊንዶውስም፣ የሒሳቡም፣ የፖስተሩም፣ የስቱዲዮውም ፕሮግራም የውሰት ምሳር ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ በግልጽ ስርቆት አይጀምርም። አንድ የልማት ፕሮጀክት ይመጣል፤ በበጀቱ ውስጥ ለአምስት ሠራተኞች ሶፍትዌር ተፈቅዶ በሕጋዊ መንገድ ይገዛል። ፕሮጀክቱ ያልቃል። ላፕቶፖቹ ለተለያዩ ክፍሎች ይከፋፈላሉ። አንዱ ሠራተኛ ለቆ ሲሄድ ፈቃዱ በስሙ እንደ ተመዘገበ ይቀራል። አዲስ የመጡት ሦስት ልጆች ደግሞ በዚያው ቁልፍ ይጭናሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ አምስቱ አሥራ ሰባት ሆነዋል፤ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ስላለ ግን ሁሉም «ገዝተናል» ይላል። በዚህ ቢሮ ውስጥ ሌባ ብላችሁ የምትጠቁሙት ሰው የለም። የቆጠረ ሰው ስለሌለ ብቻ አሥራ ሁለት ያልተከፈለበት ቅጂ ተገኘ። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ በየዓመቱ ለሚታደስ ፕሮግራም ለሄዱ ሰዎች፣ አንዳንዴም በጌታ ላንቀላፉ ሰዎች ስም ሲከፈል ይኖራል። ያም የመበለቲቱ መባ ነው።

ግልጽ ወደ ሆነው እንምጣ። አብዛኞቻችን «አክቲቬተር» የሚለውን ቃል እናውቃለን፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት ግን የአይቲ ልጆች ናቸው። ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ድርጅቶች ኬ.ኤም.ኤስ. የሚባል አሠራር አለው። ድርጅቱ በራሱ ግቢ አንድ ሰርቨር ያቆማል፤ ኮምፒውተሮቹ እያንዳንዳቸው እየጠየቁ ከእሱ ማረጋገጫ ይቀበላሉ። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው፤ ኮምፒውተሮቹም በየ7 ቀኑ ለማደስ ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ ለዊንዶውስ ማረጋገጥ የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ነው። ከመርካቶ እስከ ፒያሳ ላፕቶፕ ፎርማት ሲደረግ በፍላሽ የሚገባው አክቲቬተር ምን ያደርጋል? እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ሐሰተኛ ሰርቨር ይፈጥራል። ኮምፒውተሩ «የድርጅቱ ሰርቨር አንተ ነህ?» ሲል፣ «አዎን፣ እኔ ነኝ፤ ከ25 በላይ ኮምፒውተሮችም አሉኝ» ብሎ ይመልስለታል። ሰርቨርም የለ፣ ድርጅትም የለ፣ 25 ኮምፒውተርም የለ። ይህ በየጊዜው፣ ወር እስከ ወር፣ የጸሎት ፕሮግራሙ በሚተየብበት ሰዓት እንኳ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ስለ ስርቆት ብቻ ነው የምናወራው ያላችሁ ይህን አስተውሉ። ከዐሠርቱ ትእዛዛት ስርቆትን የሚከለክለው ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው፣ የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለውም እዚህ ተነክቷል። ቤተ ክርስቲያን በቢሮዋ ሌሊትና ቀን በሐሰት የሚመሰክር ነገር አስቀምጣ፣ በመድረክዋ ስለ እውነት ትሰብካለች።

አንዳንድ አጥቢያ ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ መዝሙሩ ሲወጣ በስተቀኝ ከታች ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይታያል፤ ዊንዶውሱ እንዲረጋገጥለት የሚለምንበት ጽሑፍ ነው። ጉባኤው «ቅዱስ ነህ» እያለ ሲዘምር ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሞ ኃጢአቱን ይናዘዛል። እኛስ ከአክቲቬተሩ ይልቅ ይሄኛው ኮምፒውተር የተሻለ ሕሊና አለው እንላለን። ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ በሶፍትዌር ሥራ የምትተዳደሩ፣ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ያንን ጽሑፍ እንደምታዩት እናውቃለን። ምን እንደሚሰማችሁም እንገምታለን።

ይህን ስናነሣ የሚመጡልን መልሶች የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው «ኩባንያዎቹ ቢሊየነሮች ናቸው፣ የእኛ አጥቢያ ምን ይጎዳቸዋል?» የሚል ነው። ስርቆት በተሰረቀው ሰው ሀብት ሚዛን ሲመዘን በየትኛው መጽሐፍ አንብበናል? ደግሞም ሁሉም ቢሊየነር አይደለም። ፓወር ግዕዝን አስቡ። ኮምፒውተር አማርኛ በማያውቅበት ዘመን ፊደላችንን በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ለማምጣት የደከሙት የእኛው አገር ባለሙያዎች ናቸው። የስብከት ማስታወሻችን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን፣ የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ በእነርሱ ድካም ተጽፏል። ስንቱ አጥቢያ ነው ለዚያ ፕሮግራም ከፍሎ የተጠቀመበት? ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ለመጋቢ የሚጠቀሰው ቃል ለፕሮግራም ሠሪ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የዘማሪዎቻችን ነገር ነው። ካሴቱ፣ በኋላም ሲዲው፣ ዛሬም በስልክ ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ዘማሪዎቻችን አልቅሰዋል፤ ተገቢም ነበር። መድረኮቻችንም «የዘማሪውን ላብ አትብሉ» ብለዋል። መዝሙሩ የተቀረጸበት የስቱዲዮ ፕሮግራም ግን ክራክ ነው። ሽፋኑ የተሠራበት ፎቶሾፕም እንዲሁ። የእኛ ላብ ላብ ሲሆን የሌላው ላብ ውኃ ነው ማለት ነው?

ሁለተኛው መልስ «ለወንጌል ነው» የሚለው ነው። ለዚህ ዳዊትን እንጥራ። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውን፣ በሬዎቹን፣ ማገዶውን ሳይቀር በነጻ ሊሰጠው ቀረበ። ዳዊት ግን እምቢ ብሎ አምሳ የብር ሰቅል ከፈለ፤ ምንም ያላስከፈለውን ነገር ለጌታ ማቅረብ አልወደደም። ልብ በሉ፣ ኦርና ባለቤቱ ነው፤ በገዛ ፈቃዱ እየሰጠ ነው። በእኛ ጉዳይ ባለቤቱ አልሰጠም። ባለቤቱ የሰጠውን እንኳ ዳዊት ካልተቀበለ፣ ባለቤቱ ያልሰጠውን ይዘን ወደ መሠዊያው የምንቀርበው እንዴት ነው? አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ይላሉ።

ሦስተኛው መልስ ከሁለቱ ይሻላል፤ እውነት አለበትና። «ብንፈልግስ በምን እንክፈል? ዶላር የለም፤ ካርድ የለም» ይላሉ። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ከውጭ ኩባንያ በካርድ መግዛት ለአንድ አጥቢያ የማይታሰብ ነበር፤ የብር ዋጋም ከወረደ ወዲህ ዓመታዊ ክፍያው ያስፈራል። ይህን አናቃልልም። መክፈል አለመቻል ግን «እንውሰድ» ወደሚል አያደርስም፤ «በነጻ የተሰጠውን እንጠቀም» ወደሚል ነው የሚያደርሰው። ሊብሬኦፊስ ደብዳቤም ሠንጠረዥም ይሠራል፤ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ በመቶ ኮምፒውተር ብንጭነውም ሠሪዎቹ ደስ ይላቸዋል። መዝሙርና ጥቅስ ለማሳየት ኦፕንኤልፒ አለ፤ ለአብያተ ክርስቲያናት ተብሎ የተሠራ ነው። ድምፅ ለመቁረጥ ኦውዳሲቲ አለ። አማርኛ ለመጻፍ ኪማን አለ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምን በማገዝ የምናውቀው ኤስ.አይ.ኤል. እ.ኤ.አ. በ2015 ገዝቶ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሁሉ በነጻ ሰጥቶታል። ለስቱዲዮ ሪፐር የሚባለውን ተመልከቱ፤ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት 60 ዶላር ነው፤ 60 ቀን በነጻ ያስሞክራል። 60ው ቀን ካለፈ በኋላ እንኳ አይቆለፍም፤ ሲከፈት ክፍያውን ያስታውሳል እንጂ። ማንም ሳያስገድደን የሚፈተነው ባሕርያችን እዚያ ላይ ይታያል።

እውነቱን ለመናገር ወደ ነጻው መሄድ ያለ ድካም አይሆንም። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት የተጻፉ ሰነዶቻችን በአሮጌው ፎንት የተጻፉ ናቸው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ አማርኛው ይጠፋና የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። የአጥቢያው የሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ተቀምጦ በትዕግሥት ሊለውጠው ይገባል። ወራት ይፈጃል። በጀት ያዙለት፤ አገልግሎት ነው።

በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት፣ በዱባይ ላላችሁ ወገኖች ግን ይህ ሦስተኛው መልስ አይሠራላችሁም። ካርዱ በኪሳችሁ ነው። ከአገር ቤት በሚመጣ ሻንጣ ከበርበሬው ጋር ክራክ የሞላበት ፍላሽ እንዲመጣ የምታስደርጉ ካላችሁ፣ በአሜሪካ ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው የሶፍትዌር አምራቾች ማኅበር ያለ ፈቃድ የሚሠራ ድርጅትን ለሚጠቁም ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ እወቁ። ጠቋሚው ቅር ብሎት ከቢሮ የወጣ የራሳችሁ ሰው ሊሆን ይችላል።

አንዳንዶች የሕጉን ነገር ያነሣሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ለግል ጥቅም መገልበጥን የሚፈቅደው ድንጋጌ ለፕሮግራም አይሠራም፤ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆን አንድ ቅጂ ይፈቀድለታል። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲጠብቀው ደንግጎ ነበር። «አዋጁ የውጭ ዜጎችን ሥራ እስከ ምን ይጠብቃል?» በሚለው የሕግ ሰዎች ይከራከሩ። በፍርድ ቤት ይህን ክርክር አንሥታ ነጻ የምትወጣ ቤተ ክርስቲያን በሚቀጥለው እሁድ ስለ ዘኬዎስ እንዴት እንደምትሰብክ ግን ማየት እንፈልጋለን።

ስለ ምእመናን ደኅንነትም እንናገር። አክቲቬተሩ ሲጫን አስቀድሞ የሚጠይቀው ጸረ ቫይረሱ እንዲዘጋ ነው። ዝመናውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ 150 በሚያህሉ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ነበር፤ የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው። አሁን የመጋቢውን ላፕቶፕ አስቡ። የምእመናን ስልክ ቁጥር አለበት። በምክር አገልግሎት ትዳሯን ያዋየች እህት ጉዳይ አለበት። ያ ማሽን ማን እንደ ሠራው በማይታወቅ ፕሮግራም ተከፍቶ፣ ጠባቂው ተባሮ ተቀምጧል። በር ሰብሮ የገባ ሰው በሩን ለሌላውም ክፍት ትቶ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ቁጥጥር ስንል ፖሊስ መሆን ማለታችን አይደለም። ከባድም አይደለም። ለወንበርና ለድምፅ ማጉያ የንብረት መዝገብ እንዳለን ለፕሮግራምም አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የትኛው ማሽን ላይ ምን እንዳለ፣ ፈቃዱ ለስንት እንደ ሆነ፣ ደረሰኙ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚያልቅ ይጻፍበት። ኃላፊነቱን አንድ ሰው ይያዝ። ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን በማሽኑ ላይ ለእሱ ብቻ ይሰጥ እንጂ ፍላሽ የያዘ ሁሉ አይጫን። ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፍ እንደሚያስረክብ ፈቃዱም ይነሣና ለሚተካው ይተላለፍ። በዓመት አንዴ፣ ኦዲተሩ በሚመጣበት ሰሞን፣ ተቆጥሮ ለሽማግሌዎች ይቅረብ። ትርፍ የተገኘ ይነሣ፤ ጎድሎ የተገኘ ይከፈልበት ወይም ይሰረዝ። ላለፈው ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ዘኬዎስ ካሳውን ሲያሰላ የቀረጥ ሥራውን አቁሞ ጉባኤ አልጠራም፤ እዚያው ቤቱ ቆሞ ተናገረ። ከማሽኑ ይጥፋ፤ የሚከፈልበት ይከፈልበት።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ግን ለኩባንያዎቹ ጠበቃ ልንሆን አይደለም። ስለ አንድ ልጅ ነው። በየአጥቢያው አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሚዲያ ክፍል ያገለግላል፤ ኬብል የሚጠቀልለው፣ ካሜራውን የሚያስተካክለው፣ ቅዳሜ ማታ የሚያመሸው እሱ ነው። ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል ወይም ፕሮግራሙ ጊዜው አልቋል ሲል ሽማግሌው ትከሻውን መታ አድርጎ «አንተ ታውቅበታለህ፣ እንደ ምንም አስተካክለው» ይለዋል። ልጁ ምን እንደ ተባለ ይገባዋል። ያስተካክለዋል፤ «ተባረክ» ይባላል። ከሳምንቱ በኋላ የደቀ መዝሙርነት ትምህርት ላይ ስለ ታማኝነት ያስተምሩታል። ማንን ይመን?

የዘንድሮው በጀት ለሽማግሌዎች ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ይህን ልጅ ወደ ስብሰባው ጥሩት። ወንበር ስጡት። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳለ ጠይቁት፤ ሲናገርም አታቋርጡት። ዝርዝሩን በሙሉ የሚያውቀው እሱ ነው።